የአደጋ ጊዜ ድጋፍ በአፋር ክልል

የአደጋ ጊዜ ድጋፍ በአፋር ክልል በድርቅ፣ በጎርፍ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በአንበጣ መንጋ ወይም በግጭት ምክንያት ኑሯቸው ለተናጋ አርብቶ አደሮች፣ ከፊል አርብቶ አደሮችና አርሶ አደሮች በመንግሥት አስተባባሪነት የሚሰጥ የእህል፣ የጥሬ ገንዘብና የቁሳቁስ እርዳታ ነው። ድጋፉ በሁለት ዋና መስመሮች ይሰጣል። አንደኛው አደጋ ሲደርስ የሚታደለው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ነው። ሁለተኛው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ሥራው በፌዴራል ደረጃ በኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንና በግብርና ሚኒስቴር፣ በክልሉ ደግሞ መቀመጫቸውን ሰመራ ባደረጉ የክልል መሥሪያ ቤቶች ይመራል። ከዚያ በታች ወረዳዎችና ቀበሌዎች ያስፈጽሙታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተጠቅሷል።

ድጋፍና ካሳ

በዕለት ንግግር «እርዳታ»፣ «ድጋፍ» እና «ካሳ» የሚሉት ቃላት ቢቀላቀሉም በሕግ አንድ አይደሉም። ካሳ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል መሬት በሚያስለቅቅበት ጊዜ ለባለይዞታው የሚከፈል ነው። ይህም በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455፣ በኋላም እሱን በተካው በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 የተደነገገ ነው። የካሳው መጠን የሚሰላው ባለይዞታው ባጣው ንብረት ነው።

የአደጋ ድጋፍ ግን የሚሰላው በጠፋው ንብረት ሳይሆን በቤተሰቡ ፍላጎት ነው። በድርቅ ሃምሳ ፍየል የሞተበትና አምስት ፍየል የሞተበት ሁለት አባወራዎች የቤተሰባቸው ብዛት እኩል ከሆነና ሁለቱም ለተረጂነት ከተመረጡ የሚያገኙት ራሽን እኩል ነው። ድርቅ ወይም ጎርፍ የወሰደውን ከብት ወይም ሰብል ዋጋ በሙሉ የሚተካ አጠቃላይ የመንግሥት ክፍያ በኢትዮጵያ የለም። ድጋፉ ሰውን ከረሀብ ያድናል፤ መንጋውን ግን አይመልስም። በአፋር ድርቅ ካለፈ በኋላም ቤተሰቦች ለዓመታት በተረጂነት የሚቆዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ከደረሰም ለተጎጂዎች በወቅቱ እርዳታ እንዲደርስ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ሁለቱ አንቀጾች በአፋር ታሪክ ውስጥ በቅርብ የተያያዙ ናቸው፤ ምክንያቱም የእርዳታ ጥገኝነት የተስፋፋው የግጦሽ መሬት እየጠበበ ከሄደ በኋላ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

አፋር ክልል በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኝ ቆላማና በረሃማ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 1,390,273 ነዋሪዎች ነበሩት። አብዛኛው ሕዝብ በግመል፣ በፍየል፣ በበግና በቀንድ ከብት እርባታ ይተዳደራል። በአዋሽ ወንዝ ዳር ደግሞ በመስኖ የሚያርሱ ከፊል አርብቶ አደሮች አሉ።

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ይቀራል። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ከተሞች ለእርዳታው ሥራ ትልቅ ትርጉም አላቸው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ (በአጭሩ አዋሽ) በክልሉ ደቡባዊ ጫፍ፣ በጋቢ ረሱ ዞን ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሰመራ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩት በዚህች ከተማ አቅራቢያ ነው። የባቡር ሐዲድም ያልፍባታል። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ የፈንታሌ ተራራና የከሰም ግድብ በአካባቢዋ ይገኛሉ።

ሰመራ የክልሉ ዋና ከተማ ስትሆን በአውሲ ረሱ ዞን ከሎግያ ከተማ አጠገብ የተቆረቆረች ናት። ከእሷ በፊት የክልሉ መቀመጫ አሳይታ ነበረች። ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ በኩል የሚገባው ዋናው የጭነት መንገድ በሰመራና በሚሌ ያልፋል። በመሆኑም ወደ መላው ኢትዮጵያ የሚሄደው የእርዳታ ስንዴ በብዛት የሚጓዘው የአፋርን ምድር አቋርጦ ነው። ከዚህ አውራ ጎዳና ወጣ ብለው የሚገኙ ቀበሌዎች ግን እህሉ ዘግይቶ ከሚደርስባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው።

የአፋር የዝናብ ወቅቶች በአካባቢው አጠራር ካርማ (ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ የሚጥለው ዋናው ዝናብ)፣ ዳዳ (በታኅሣሥ አካባቢ የሚጥል አጭር ዝናብ) እና ሱጉም (በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጥል) ይባላሉ። አንድ ወቅት ብቻ ቢያመልጥ መንጋውን ወደ ሌላ ቦታ በመውሰድ መቋቋም ይቻላል። ሁለትና ሦስት ወቅት ሲከታተል ግን ከብቱ ይከሳል፤ ወተት ይደርቃል፤ ቀጥሎም የከብት ሞት ይመጣል።

ታሪክ

የመስኖ እርሻና የ1965–66 ዓ.ም. ረሀብ

አርብቶ አደሩ ቀድሞ ድርቅን የሚቋቋመው በበጋ ወደ አዋሽ ዳር በመውረድ ነበር። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሲፈስስ የሚያጠጣው ሜዳ ውኃው ሲሸሽ ለምለም ሣር ያበቅላል፤ መንጋውም ዝናብ እስኪመጣ ድረስ በዚያ ይቆያል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ግን በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሰፋፊ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ተስፋፉ። በዱብቲ አካባቢ ከእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ጋር በሽርክና የተቋቋመው የተንዳሆ እርሻ ከእነዚህ ትልቁ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም የግጦሽ መሬት ይዟል።

የተወሰደው መሬት ከክልሉ ስፋት አንጻር ትንሽ ነበር። ነገር ግን የበጋ መሸሸጊያው እሱ ስለነበር ጉዳቱ በስፋቱ አይለካም። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና መንጋው የሚወርድበት ወንዝ ዳር አልነበረም። በረሀቡ ወቅት ወሎና አፋር እጅግ ተጎዱ።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሀብ በሚተነትን መጽሐፉ የአፋርን አርብቶ አደሮች ሁኔታ በምሳሌነት አንሥቷል። አርብቶ አደሩ ከብቱን ሸጦ እህል ይገዛል። በድርቅ ጊዜ ከብቱ ከስቶ ዋጋው ሲወርድና እህሉ ሲወደድ፣ ሰውየው የሚጎዳው ከብቱ ስለሞተበት ብቻ አይደለም፤ በሕይወት የቀረውም ከብት የቀድሞውን ያህል እህል አይገዛለትም። ስለዚህ ገበያ ላይ እህል እያለ እንኳ ሰው ሊራብ ይችላል። ይህ ትንታኔ እስከ ዛሬ ድረስ ለእርዳታ እቅድ አውጪዎች መሠረት ሆኖ ያገለግላል፤ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሠራተኞች በየገበያው አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ የሚከታተሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ረሀቡ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘንድ ተደብቆ መቆየቱ ለ1966ቱ አብዮት አንዱ መቀስቀሻ ሆነ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዓለም ያሳየው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሊወርዱ ሲሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላልፏል። በዚያው በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። በኢትዮጵያ የአደጋ እርዳታን የሚመራ ቋሚ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲኖር ይህ የመጀመሪያው ነው። ኮሚሽኑ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ።

ከእርዳታ ወደ አደጋ መከላከል

በ1986 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ብሔራዊ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ አወጣ። የፖሊሲው ዋና ሐሳብ እርዳታ የተረጂነት ስሜት እንዳያሳድርና መሥራት የሚችል ሰው እህሉን በሥራ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የቀድሞው ኮሚሽን የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተብሎ እንደገና ተዋቀረ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላም ስሙንና ተጠሪነቱን ደጋግሞ ለውጧል፤ ለጥቂት ዓመታት በግብርና ሚኒስቴር ሥር የሥራ ዘርፍ ሆኖ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሆነ፤ አሁን የሚጠራው የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በሚለው ስም ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ አደጋ ሲደርስ ከመሮጥ ይልቅ ስጋቱን አስቀድሞ መቀነስ ላይ ያተኩራል።

የልማታዊ ሴፍቲኔት

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ይቀርብ ነበር። የሚገርመው ግን በየዓመቱ የሚረዱት ሰዎች በአብዛኛው ያንኑ ሰዎች መሆናቸው ነው። በ1994–95 ዓ.ም. ከደረሰው ከባድ ድርቅ በኋላ መንግሥትና ለጋሾች ለእነዚህ ቤተሰቦች የዘንድሮ ጥሪ መጠበቅ የሌለበት፣ ለብዙ ዓመት የታቀደ ድጋፍ እንዲኖር ተስማሙ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በጥር 1997 ዓ.ም. በ5 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎች ተጀመረ። መጀመሪያ ለደጋው አርሶ አደር የተቀረጸ ሲሆን በኋላ አፋርን ጨምሮ ወደ አርብቶ አደር አካባቢዎች ተስፋፋ። አምስተኛው ምዕራፍ በ2013 ዓ.ም. ሲጀምር የዓለም ባንክ 512.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አጽድቋል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ዓላማ የሴፍቲኔቱንና የአስቸኳይ ጊዜ ምግብ እርዳታውን በአንድ ሥርዓት ማስተሳሰር ነው።

የድጋፉ ዓይነቶች

የአስቸኳይ ጊዜ ምግብ እርዳታ። በድንገተኛ አደጋ ወይም በወቅታዊ ድርቅ ለተጎዱ የሚታደል ነው። የተለመደው ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ነው። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች አልሚ ምግብ ይጨመራል። የሀብት እጥረት ሲኖር ራሽኑ ይቀነሳል ወይም የዕደላው ዙር ይራዘማል።

የማኅበረሰብ ሥራ። በሴፍቲኔት ሥር ያሉና መሥራት የሚችሉ ሰዎች በኩሬ ቁፋሮ፣ በመንገድ ጥርጊያ፣ በእርከን ሥራና በግጦሽ መሬት ጥበቃ ተሰማርተው የሚያገኙት ክፍያ ነው። ስሌቱ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ ግራም እህል ነበር። ስለዚህ አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ በወር 25 ቀን ሠርቶ 150 ብር ወይም 75 ኪሎ ግራም እህል ያገኝ ነበር። ሥራውን የሚሠሩት አቅም ያላቸው አባላት ሲሆኑ ክፍያው ግን ለሕፃናቱም ጭምር ነው። የገንዘቡ መጠን በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. ወደ 10 ብር ከፍ ብሏል፤ ከዚያም በኋላ ከእህል ዋጋ ጋር እየታየ ተሻሽሏል።

ቀጥተኛ ድጋፍ። ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና መሥራት ለማይችሉ ሌሎች ሰዎች ያለ ሥራ የሚከፈል ነው። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ነፃ ሆነው ክፍያው ይቀጥልላቸዋል።

የመጠባበቂያ በጀት። ከሴፍቲኔቱ በጀት የተወሰነው ላልታሰበ ችግር ይያዛል። በፕሮግራሙ ቀደምት ምዕራፎች 20 በመቶው ለዚህ ተመድቦ 5 በመቶው በወረዳ፣ 15 በመቶው በክልል እጅ ይቀመጥ ነበር። ጥቅሙ ወረዳው የፌዴራል ውሳኔ ሳይጠብቅ ለአዳዲስ ተጎጂዎች መድረስ መቻሉ ነው።

ምግብ ነክ ያልሆነ ድጋፍ። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የውኃ ቦቴ፣ የከብት መኖና የእንስሳት ክትባትን ይጨምራል። ለአርብቶ አደር የመኖና የክትባት ድጋፍ በጊዜ መድረሱ ከእህሉ የማይተናነስ ዋጋ አለው፤ የዳነች ግመል ነገ የምትታለብ ናትና።

የእንስሳት መድን። በሳተላይት የሚታየው የሣር ልምላሜ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ለአርብቶ አደሩ ገንዘብ የሚከፍል መድን በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. በቦረና ተጀምሯል። ክፍያው የሚፈጸመው ከብት ሞቶ ተቆጥሮ ሳይሆን ሣሩ ሲጠፋ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ መኖ ለመግዛት ይደርሳል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የዓለም ባንክ በሚደግፈውና ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ሶማሊያንና ጅቡቲን በሚያቅፈው ፕሮጀክት አሠራሩን በአፍሪካ ቀንድ አርብቶ አደር አካባቢዎች ለማስፋፋት ተሞክሯል።

አሠራር

መረጃ ማሰባሰብ

የሥራው መነሻ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። የወረዳ ባለሙያዎች የዝናብ፣ የግጦሽ፣ የውኃ፣ የከብት ጤናና የገበያ ዋጋ መረጃ ሰብስበው በዞን በኩል ወደ ሰመራ ይልካሉ። ዋናው ዝናብ ካበቃ በኋላ ከፌዴራል፣ ከክልልና ከእርዳታ ድርጅቶች የተውጣጣ ቡድን በወረዳዎች ተዘዋውሮ የጉዳቱን መጠን ያጠናል። የየአካባቢውን የኑሮ ዘይቤ መሠረት አድርጎ አንድ ቤተሰብ በዚህ ዓመት ለስንት ወር እህል እንደሚያንሰው ያሰላል። የሁሉም ክልሎች ውጤት ተጠቃሎ በመንግሥትና በአጋሮቹ ስም የእርዳታ ፍላጎት ሰነድ ሆኖ ይወጣል።

አፋሮች ከዚህ በፊትም የራሳቸው የመረጃ ሥርዓት ነበራቸው። «ዳጉ» የሚባለው ባህል ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ከሰላምታ በኋላ ቁጭ ብለው የሰሙትንና ያዩትን በዝርዝር እንዲለዋወጡ ያስገድዳል። የት ዝናብ ጣለ፣ የት ሣር አለ፣ የት በሽታ ገባ፣ የት ጠብ ተነሣ የሚለው ሁሉ ይነገራል። ወሬው ከማን እንደተሰማ ይጠየቃል፤ ያልተጣራ ነገር መናገርም ያስነቅፋል። የወረዳው ሪፖርት ሰመራ ከመድረሱ በፊት ዳጉ ብዙ ርቀት ሊጓዝ ይችላል።

ተረጂን መምረጥ

በሕጉ መሠረት የተረጂዎች ብዛት ለወረዳው በኮታ ይመጣል፤ ስም ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ግን የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ተነብቦ አስተያየትና ቅሬታ ይሰማበታል። በአፋር ውስጥ የጎሣ መሪዎችና ሽማግሌዎች በምርጫው ትልቅ ድምፅ አላቸው።

እዚህ ላይ የፕሮግራሙ ሕግና የአካባቢው ባህል ይጋጫሉ። መመሪያው እጅግ ድሃ የሆነው ቤተሰብ ተለይቶ ሙሉ ራሽን እንዲያገኝ ያዛል። በአፋር ባህል ግን የመጣን ነገር ለዘመድና ለጎረቤት አለማካፈል ነውር ነው። ዛሬ ብዙ ከብት ያለው ሰው በሚቀጥለው ድርቅ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚደርስለት ዛሬ ያካፈለው ሰው ነው። በዚህም ምክንያት አምስት አባላት ላለው ቤተሰብ የተሰጠ 75 ኪሎ ግራም እህል ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 37.5 ኪሎ ግራም፣ ለሦስት ሲከፈል 25 ኪሎ ግራም ብቻ ይደርሳል። በወረቀት ላይ የአንድ ወር የሆነው ምግብ በተግባር ከሁለት ሳምንት አይዘልም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን የአፈጻጸም ጉድለት ሲሉት ሌሎች ደግሞ ከመንግሥት ሴፍቲኔት በፊት የነበረ የሕዝቡ የራሱ ሴፍቲኔት ነው ይላሉ።

ማድረስና መክፈል

እህል ከወደብ ወይም ከመጠባበቂያ መጋዘን በከባድ መኪና ወደ ወረዳ መጋዘንና ማከፋፈያ ጣቢያ ይደርሳል። ከጣቢያው እስከ መኖሪያ ቤት ያለው መንገድ የተረጂው ነው፤ በግመል፣ በአህያ ወይም በኪራይ መኪና ይጓጓዛል። ለኪራዩ ከእህሉ ላይ የሚሸጥ ቤተሰብ አለ። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚሆን ለአቅመ ደካሞች ጉዞው ከባድ ነው። ከብት ተከትሎ ርቆ የሄደ አባወራ ደግሞ የዕደላ ቀን ሊያልፈው ይችላል።

በጥሬ ገንዘብ መክፈል የማጓጓዣ ወጪን ይቀንሳል፤ ተረጂውም የሚፈልገውን እንዲገዛ ያስችለዋል። ይሁን እንጂ ገንዘብ የሚጠቅመው በቅርብ ገበያ ካለና እህሉ ካልተወደደ ነው። በአዋሽ፣ በሰመራና በሎግያ ባንክና ሱቅ በቀላሉ ይገኛል፤ ከአውራ ጎዳናው በራቁ ቀበሌዎች ግን ገበያውም ባንኩም ሩቅ ነው። በአፋር የእህል ክፍያ ለረጅም ጊዜ ጎልቶ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ መጀመሩ በስልክ የመክፈልን ዕድል አስፍቷል። ክፍያው እንዲሠራ ግን ተረጂው ስልክ፣ መታወቂያና የኔትወርክ ሽፋን፣ እንዲሁም ገንዘቡን በጥሬው የሚቀይርለት ወኪል በአቅራቢያው ሊኖረው ይገባል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ዋና ዋና አደጋዎች

የ2007–08 ዓ.ም. ድርቅ። ከኤልኒኞ ጋር የተያያዘው ይህ ድርቅ በመጀመሪያ ካጠቃቸው አካባቢዎች መካከል አፋርና የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ይገኙበታል። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የወጣው ሰነድ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ገልጿል። ይህ ቁጥር የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን አይጨምርም ነበር።

የአንበጣ መንጋና የ2012 ዓ.ም. ጎርፍ። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የበረሃ አንበጣ አፋርን ጨምሮ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ግጦሽና ሰብል አወደመ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ ግድቦችን ሞልቶ አዋሽ ከዳርቻው ወጣ። አሚባራ፣ ገዋኔ፣ ዱብቲና አሳይታን የመሳሰሉ ወረዳዎች ተጥለቀለቁ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ የመስኖ ማሳና ከብትም ተወሰደ። ጎርፉ የድርቅ ተቃራኒ ቢመስልም የሚጎዳው ያንኑ ሕዝብ ነው፤ በበጋ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዙ የቀረበ ቤተሰብ በክረምት ሙላቱ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

የሰሜኑ ጦርነት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ክልሉ ሰሜናዊና ምዕራባዊ ወረዳዎች ሲገባ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሏል። ሰመራ ለተፈናቃዮች ድጋፍ ማስተባበሪያ ከመሆኗም በላይ ወደ ትግራይ የሚሄደው የእርዳታ ጭነት መነሻ ነበረች።

የ2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳና በአካባቢው ተደጋጋሚ ርዕደ መሬት ተሰማ። በታኅሣሥ መጨረሻ እየበረታ ሄዶ በዶፈን ተራራ አካባቢ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ ወጣ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው ርዕደ መሬት 6.0 ተመዝግቧል። ለአደጋ በተጋለጡት የአፋርና የኦሮሚያ ቀበሌዎች 80,000 ያህል ሰዎች እንደሚኖሩ በወቅቱ ተገልጿል፤ መንግሥትም ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ጊዜያዊ መጠለያ አዛወረ። የከሰም ግድብ ደኅንነትም አሳሳቢ ሆኖ ክትትል ተደርጎበታል።

ይህ አደጋ ከድርቅ የተለየ ጥያቄ አስነሥቷል። ድርቅ ወራት እየፈጀ ስለሚመጣ ጥናት ለማድረግ ጊዜ ይሰጣል፤ ርዕደ መሬት ግን በአንድ ሌሊት ያፈናቅላል፤ መቼ እንደሚያበቃም አይታወቅም። የተፈናቀለው አርብቶ አደር ድንኳንና እህል ቢያገኝም ከብቱ የሚሰማራበትና ውኃ የሚጠጣበት ቦታ ካልተዘጋጀ ወደ ስጋቱ ቀጣና ለመመለስ ይገደዳል።

የ2015 ዓ.ም. የእርዳታ መቋረጥ

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ላልታለመለት ዓላማ ውሏል በማለት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታቸውን አቋረጡ። ስርቆቱን የፈጸመው ማንም ይሁን ማን፣ ዕደላው የቆመው በሁሉም ተረጂ ላይ ነበር። እርዳታው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደረጃ በደረጃ ሲመለስ የአሠራር ለውጥ ተደረገ። ከለውጦቹ መካከል ተረጂን በዲጂታል መንገድ መመዝገብ፣ የተረጂ መረጣን ከአስተዳደር ሠራተኞች ይልቅ በማኅበረሰብ ኮሚቴ ማካሄድ እንዲሁም የጭነት መኪኖችንና የመጋዘኖችን ቁጥጥር ማጥበቅ ይገኙበታል።

ዲጂታል ምዝገባ አንድ ሰው በሁለት ቀበሌ እንዳይመዘገብና በሌለ ሰው ስም እህል እንዳይወጣ ይረዳል። በአንጻሩ ቋሚ አድራሻ ለሌለውና እንደ ዝናቡ ከቀበሌ ቀበሌ ለሚዘዋወር አርብቶ አደር ሥርዓቱ ሲቀረጽ የሚቀመጠው ሕግ ወሳኝ ነው። ምዝገባው ከአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ጋር ብቻ ከታሰረ፣ ማጭበርበርን የሚከለክለው መቆጣጠሪያ እውነተኛውን ተረጂም ሊያስቀር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ዩኤስኤአይዲን መዝጋቱ ደግሞ ለአገሪቱ ከሚመጣው የምግብ እርዳታ ትልቁ ምንጭ የነበረውን አሳጥቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ የሰብዓዊ ድጋፍን በራስ አቅም የመሸፈን አቋሙን ገልጿል።

ክርክሮች

በአፋር ስለሚሰጠው ድጋፍ የሚነሡት ዋና ዋና ክርክሮች የሚከተሉት ናቸው።

የጊዜ ጉዳይ። አርብቶ አደር መጀመሪያ የሚሸጠው ወንዱንና ያረጀውን ከብት ነው። እርዳታው ከዘገየ ግን የምትወልደውን ይሸጣል። የምትወልደው ከተሸጠች በኋላ የሚደርስ እህል ሕይወት ያተርፋል፤ የቤተሰቡን መተዳደሪያ ግን አያድንም። ስለዚህ በሰነድ ላይ ከተመዘገበው የእህል መጠን ይልቅ የደረሰበት ወር ይበልጥ ወሳኝ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

የሥራ ግዴታ። ለአርሶ አደሩ የማኅበረሰብ ሥራ ከእርሻ ነፃ በሆነባቸው ወራት ይሠራል። አርብቶ አደሩ ግን በዚያው ደረቅ ወቅት መንጋውን ይዞ ርቆ መሄድ አለበት። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው በመንደር በሚቀሩት ሴቶች ላይ ይወድቃል።

የሥራው ጥቅም። በአዋሽ ሸለቆ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ በሰፊው የግጦሽ መሬት ላይ ተንሰራፍቷል። ዛፉ በ1970ዎቹ ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው አፈርን ለመጠበቅና ጥላ ለመስጠት ተብሎ ነበር። ዛሬ መመንጠሩ ራሱ ከማኅበረሰብ ሥራዎች አንዱ ሆኗል። በበጎ ሐሳብ የተጀመረ ሥራ ያለ ጥናት ሲስፋፋ ራሱ አደጋ ሊሆን እንደሚችል በምሳሌነት ይጠቀሳል።

መሬትና ውኃ። በ2000ዎቹ የተንዳሆና የከሰም ግድቦች ከስኳር ልማት ጋር ተያይዘው ተገንብተዋል። ደጋፊዎች ግድቦቹ ጎርፍን እንደሚቀንሱ፣ ለአርብቶ አደሩም የመስኖ መሬትና ሥራ እንደሚያስገኙ ይናገራሉ። ተቺዎች ደግሞ የወንዝ ዳር ግጦሽ እስካልተመለሰ ድረስ የእርዳታ ጥያቄ እንደማይቀንስ ይከራከራሉ። ክርክሩ በ1966 ዓ.ም. ከተነሣው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው።

ደግሞ ይዩ

አፋር ክልል
አዋሽ ወንዝ
ሰመራ
አዋሽ ሰባት ኪሎ
አርብቶ አደርነት
የ1966 ዓ.ም. ረሀብ
የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም
ዳጉ